ሽቅብ ከወንዙ ጋር፦ ክረምትን ከነልጆች ከባህር ዳር ወደ ሰከላ

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የባህር ዳር ቤቶችም በልጅ ይሞላሉ። ገጠር ዘመድ ያለው ወላጅ ልጆቹን ይዞ አንድ ሳምንት ለመቀመጥ የሚያስበው ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ግን «በዚህ ዝናብ የት ልትገቡ? ጥር ይሻላችኋል» የሚል አይጠፋም። ጥር ሲደርስ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይተላለፋል። በእኔ እምነት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ከከተማው በስተደቡብ ያሉትን የጎጃም ተራሮች ማየት ያለበት በክረምት ነው፣ ያውም በደንብ ተዘጋጅቶ።

ምክንያቱ ወንዙ ነው። ጣናን ከሚሞሉት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ነው፤ የሚነሳውም ከሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ። በበጋ የሄደ ልጅ አንዲት ምንጭና የታጨደ ማሳ አይቶ ይመለሳል። በሐምሌ የሄደ ልጅ ግን ሐይቁ ሲሠራ ያያል። ከሣር ክዳን የተንጠባጠበው ውሃ በደጅ በኩል ቦይ ያወጣል፣ ቦዩ ከማሳው ጥግ ካለው ፈፋ ይገባል፣ ፈፋው ወንዝ ይሆናል። ጣና በጣም ዝቅ ብሎ የሚታየው ሰኔ ላይ ነው፤ ሞልቶ የሚታየው መስከረምና ጥቅምት። በመካከል ያሉት ወራት ሥራ የሚሠራው እዚያ ላይ፣ በተራሮቹ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ማረጋገጥ ይገባል። በዋዜማው መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ በማግስቱ ማለዳ፣ ዕቃ ከመጫኑ በፊት፣ እዚያው ላለ ዘመድ ተደውሎ ይጠየቅ፣ ከመናኸሪያ ሾፌሮችም ይሰማ። ሁለቱ ወሬዎች ካልተገጣጠሙ ልጅ ይዞ አይወጣም። ይህን ጉዳይ በይሉኝታ ማለፍ የለም።

ቀን መምረጥ ላይ ብዙ የከተማ ሰው ይሳሳታል። የሚያየው የራሱን የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። ሐምሌ ለአራሹ የዓመቱ ጭንቅ ነው፤ ጤፍ የሚዘራው፣ ገብሱ የሚታረመው በዚህ ወር ነው። በሥራ ቀን ከነቤተሰብ ዘው ያለ እንግዳ ባለቤቱን ከሞፈሩ፣ ባለቤቲቱን ከአረሟ ያስቀራል፤ ማንም ደግሞ «ዛሬ አልተመቸንም» አይላችሁም። ስለዚህ መድረሻችሁ ከማይታረስበት ቀን ጋር ይገጣጠም። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። ከእነዚህ በአንዱ ዋዜማ ደርሶ በዓሉን አብሮ መዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሥራ ቀን ደግሞ ራስን ችሎ፣ እየተንቀሳቀሱ ማሳለፍ ለሁለቱም ወገን ይቀላል። ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፤ ገጠር ውስጥ ትንንሽ ልጆችም ይጾማሉ። የእናንተ ልጆች ካልጾሙ በአስተናጋጆቹ ልጆች ፊት ብስኩትና ወተት ማውጣት አይገባም። ልጆቹ ወተትና አሬራ እንዲቀምሱ ከፈለጋችሁ ሐምሌን ምረጡ። የቡሄን ችቦና ጅራፍ እንዲያዩ ከፈለጋችሁ ደግሞ ነሐሴ 13ን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጾሙንም አብራችሁ ጹሙ። ሁለቱን ባንድ ጉዞ ማግኘት አይቻልም።

መንገዱ ይህ ነው። ከባህር ዳር 12 ሰዓት ማለዳ ይወጣል። 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መራዊ አለች፤ እዚያ የቆጋ ግድብ የሚያጠጣው 7,000 ሄክታር መስኖ አለ። ቆጋም ከግልገል ዓባይ ገባሮች አንዱ ነው። ከመራዊ አልፎ ወተት ዓባይ ላይ ዋናው መንገድ ግልገል ዓባይን በድልድይ ይሻገራል። እዚህ መኪናው ይቁም፣ ልጆቹም ወርደው ውሃውን ይዩት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ ይከተላሉ። እንጅባራ ከባህር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዳንግላ በኋላ አየሩ ይለወጣል፣ መስኮት ይዘጋል። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ማሳው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት ግራር ነው፤ ገበሬው በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። በእንጅባራ ዙሪያ ደግሞ የቀርከሃ ዕቃ ይሠራል። ከእንጅባራ ቀጥሎ ጥልሊ ይደረሳል፤ ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው።

በማለዳ መነሳቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህቺ ቅርንጫፍ መንገድ ናት። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከሰዓት በኋላ፣ ከ7 ወይም ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጥልሊን በጠዋት ያለፈ መኪና ትናንት የዘነበው ትንሽ ጠጥቶለት ያገኘዋል። 9 ሰዓት ላይ የደረሰ በመንገዱ ፈንታ ቦይ ያገኛል። ቀይ አፈርና ዋልካ በክረምት የተለያየ ጠባይ አላቸው። ዋልካ ጎማውን ይዞ ያስቀራል፤ ቀይ አፈር ከላዩ ሳሙና ሆኖ ወደ ቦዩ ያንሸራትታል። ቁልቁለት ላይ ሲያንሸራትት ፍሬን የረገጠ ሾፌር መሪው አይታዘዝለትም። ከመውረዱ በፊት አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ትቶ፣ በሞተሩ ጉልበት ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ሚኒባስ ተኮናትራችሁ ከሆነ ሾፌሩ ያን መንገድ በክረምት የሚያውቅ መሆኑን ከዋጋው በፊት ጠይቁ። ዕቃ ፖርቶ መጋላ (የመኪናው ጣሪያ) ላይ ከተጫነ ሸራ ብቻውን አይበቃውም። ልብሱን በወፍራም ላስቲክ አስሮ፣ ከዚያ በታጠበ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ አፉን መስፋት ከማንኛውም የከተማ ሻንጣ ይሻላል። ሻንጣ በዚፑ በኩል ያስገባል።

ግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ባህር ዳር 1,800። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በባህር ዳር ቲሸርት የለበሰ ልጅ እዚያ ሹራብ ያስፈልገዋል፣ ማታ ማታ ጋቢ። ጂንስ አትውሰዱ። አንዴ ከራሰ በዚያ አየር ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ጭኑን ይልጠዋል። ለአንድ ልጅ ሁለት ቀጫጭን ቱታ፣ ሁለት ሹራብ፣ አራት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ የጎማ ቦት ጫማ ይበቃል። ቦቱ ልክ ይሁን፤ «ያድጋል» ተብሎ የተገዛ ሰፊ ቦት በመጀመሪያው ጭቃ ተነቅሎ ይቀራል፣ ልጁም በካልሲው ጭቃ ይረግጣል። ካልሲው ከቦቱ አፍ በላይ ካልወጣ ጠርዙ ባቱን ይፍቀዋል። ማታ ቦቱ ውስጥ ደረቅ ጭድ ጠቅጥቆ ማሳደር ነው። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ቦት ውስጡ ሳይደርቅ ውጩ ይሰነጠቃል።

ጃንጥላ እቤት ይቅር። የተራራው ነፋስ ይገለብጠዋል፣ የልጁንም አንድ እጅ ይይዝበታል። በምትኩ የእረኞቹን ገሳ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ገሳ ከሣር የተጎነጎነ ነው፤ ከራስ ጀምሮ ጀርባን ይሸፍናል። የሣሩ ጫፍ ሁሉ ወደ ታች ይመለከታል፣ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ይደረባል። ውሃው ከጫፍ ጫፍ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ላስቲክ የለበሰ ልጅ ሽቅብ ሲሄድ ከውስጥ በላብ ይርሳል፣ ቆም ሲል ይንቀጠቀጣል። ገሳ ውስጥ ግን አየር ይመላለሳል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብበት ሣሩ ውሃ ጠጥቶ ትከሻ ይጎትታል፣ ማታም ከምድጃው በላይ ካልተሰቀለ ይሻግታል። ከእረኛ ልጅ ላይ ገሳውን ለፎቶ ማስወለቅ ግን ነውር ነው። ልጁ በዝናብ ውስጥ የሚውለው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ስንቁ። ነሐሴ ማለት ድንች ቀድሞ ካልደረሰ በቀር ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። አምስት ሆናችሁ አምስት ቀን ከተቀመጣችሁ የምትበሉት ከአዲሱ አዝመራ በፊት የቀረውን ነው። አስተናጋጁ ይህን አይናገርም፣ ከዘር የተረፈውን አስፈጭቶ ያበላችኋል። ስለዚህ የምትበሉትን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዚያም ትንሽ አትርፉ። ለአምስት ሰው ለአምስት ቀን 15 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ 5 ኪሎ ሩዝ (የፎገራው ሩዝ ባህር ዳር እንደ ልብ ይገኛል)፣ 3 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ሊትር ዘይት፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ ስኳር፣ 1 ኪሎ ቡና፣ ጨው፣ አሥር የልብስ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና ድንጋዩ ይበቃል። እህል ሳይሆን ዱቄት ውሰዱ። በክረምት እህል እርጥበት ይይዛል፣ ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው፤ እህል ይዞ መሄድ ለባለቤቲቱ የግማሽ ቀን ሥራ መጨመር ነው። ማገዶውም እርጥብ መሆኑን አስቡ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሆን እንጀራ ከቤት ጋግሮ መውሰድ እንግዳ በመጣበት ምሽት ምጣድ ከመጣድ ያድናታል።

አሰጣጡ ከስጦታው እኩል ነው። ዕቃው ሰው ፊት አይዘረገፍም፣ አይቆጠርም። ሰላምታው ሲያልቅ ከእናንተ መካከል እናትየዋ ከባለቤቲቱ ጋር ወደ ጓዳ ገብታ ታስቀምጠዋለች፣ «ለመንገድ የያዝነው ነው፣ አብረን እንበላዋለን» ትላለች። ይኸው ነው። ገንዘብ በእጅ መስጠት ብዙውን ጊዜ ያስቀይማል፤ መስከረም ትምህርት ስለሚከፈት ደብተርና እስክሪብቶ ለልጆቹ ማምጣት ግን ማንንም አያስከፋም። ዝርዝር ብር ያዙ፤ በእነዚያ ቦታዎች ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ መክፈል አይቻልም።

ከስጦታ ሁሉ ግን አንዱን አስቀድሙ፦ ጫማ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። በጎጃምና በአዊ ደጋዎች የእግር ዝሆኔ ያለባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እርግማን ወይም በዘር የሚወርድ ቅጣት የሚመስላቸውም አሉ። መነሻው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ በዓመታት ብዛት የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላሉ፣ ከዚያ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእናንተ ልጅ ሳምንት በባዶ እግሩ ቢሮጥ ዝሆኔ አይይዘውም፤ አደጋው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ አፈር ለሚረግጠው ለአራሹ ልጅ ነው። መከላከያውም ቀላል ነው፤ የተሸፈነ ጫማና በየማታው በሳሙና የታጠበ፣ የደረቀ እግር።

የጫማውን ቁጥር ለማወቅ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ደውሉ። የእያንዳንዱ ልጅ እግር ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሣር አገዳ ይለካ፣ አገዳው ይቆረጥ፣ ደብተር ላይ ተጋድሞ በማስመሪያ በሴንቲ ሜትር ይነበብላችሁ። በዚያ ላይ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ግዙ። «የሰባት ዓመት ልጅ ነው» ብሎ መግዛት አይሆንም፤ ባዶ እግሩን ያደገ ልጅ እግሩ ሰፊ ነው፣ የዕድሜው የተባለው ጫማ ይቆነጥጠዋል፣ ቆንጥጦት ደግሞ ለበዓል ብቻ ያስቀምጠዋል። ክፍት ሰንደል አይሁን፣ አፈር ያስገባል። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መተውም አይሆንም፤ ለሁሉም ካልበቃ ለሁሉም ይቅርና ሳሙና ይሁን።

በብዙ ቤት በመጀመሪያው ምሽት ውሃ ሞቆ ሳፋ ይቀርባል፣ የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል። የከተማ ልጅ ያፍርና እግሩን ይሰበስባል። አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እግሩን ሰጥቶ ያመስግን፣ በማግስቱ ደግሞ እሱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ለአባወራው እጅ ያስታጥብ። ጣት ለጣት መሃል ያለውን ጭቃ ማስለቀቅና በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ከአክብሮቱ ሌላ ትልቅ የጤና ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከሰል ነው። ከባህር ዳር የሄደ ሰው ቅዝቃዜው ይከብደዋል፣ በር ዘግቶ የከሰል ምድጃ አልጋ ሥር ያስገባል። ጭስ ስለማይታይ ደህና ይመስለዋል። የከሰል ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ሰውየውም «ብርዱ ነው» ብሎ ይተኛል፣ ሳይነቃ ይቀራል። በሣር ቤት ጣሪያው ስለሚያስተነፍስ ድሮ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ በቆርቆሮና በሲሚንቶ በተሠራ ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ በላስቲክ ተደፍኖ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ከመተኛት በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ልጆች ጋቢ ደርበው አንድ መደብ ላይ ተቃቅፈው ይተኙ።

ውሃው ይፈላ። በዚያ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ባቄላና ሽምብራም ከባህር ዳር ይልቅ ቆይቶ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ የደፈረሰውን ውሃ አስቀድማችሁ በታጠፈ ነጠላ አጥሉ፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋል። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ልጆች ጅረት ላይ ተደፍተው በአፋቸው እንዳይጠጡ፤ ትንሹ አልቅት በዚያ በኩል ገብቶ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፣ ቀናት ቆይቶ በነስር ይታወቃል።

ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር ወባ ነው። ሰከላ ብርዳማ ስለሆነ ወባ አይታሰብም። ነገር ግን ልጁ ባህር ዳር የተነደፈ እንደሆነ ትኩሳቱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልክ ተራራው ላይ ሳለ ሊጀምረው ይችላል። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከጣና ዳር ነው የመጣነው» ይሁን። ያን ያልሰማ ባለሙያ ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ምንጩ ዘንድ የሚኬደው እንደ ሽርሽር አይደለም። ግሽ ዓባይ ጸበል ነው። የአቡነ ዘርአ ብሩክ ነገር ከምንጩ አይለይም፤ ጻድቁ፣ ሰዎች ሊያስሯቸው በመጡ ጊዜ፣ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፣ ከእስር ሲመለሱም ውሃ ሳይነካቸው መልሶ ሰጣቸው ይባላል። ይህን ለልጆቹ በመንገድ ላይ ተርኩላቸው፤ ሲደርሱ የሚያዩት ትንሽ ውሃ ሌላ ይሆንባቸዋል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚሁ ደርሰዋል፤ የአካባቢው ሰው ግን ለዘመናት ሲጠመቅበት ኖሯል። ሳይበላ፣ ጫማ አውልቆ፣ በማለዳ ይኬዳል። የበላ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃል። ፎቶ ከማንሳት በፊት አገልጋዮቹን ጠይቁ፣ «አይሆንም» ካሉ አይሆንም።

ከምንጩ በታች ግልገል ዓባይ ልጅ በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ጅረት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ይኸው ትንሽነቱ ስለሚያታልል ነው። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የደረሰ ጅረት ራስጌው ላይ ከዘነበበት ከሰዓት በኋላ ወገብ ይደርሳል፤ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ውሃው ድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁ ይለወጣል። አንዱን እንዳያችሁ ከዳር ውጡ። ከልጁ ጉልበት በላይ የሆነ ወራጅ ውሃ አይሻገሩም፤ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ይሻላል፣ ደራሽ ውሃ እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል። ነጎድጓድ ሲጀምር ሜዳ ላይ ከቆመች ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል የለም። በጠዋት ተጉዞ በ6 ሰዓት ወደ ቤት መመለስ ይህን ሁሉ ያቀልላል።

ለቡሄ ከተገኛችሁ ልጆቹ ጅራፍ ይማራሉ። ከቃጫ ወይም ከልጥ የተገመደ ነው፤ እጀታው በኩል ይወፍራል፣ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ጉልበት አይጠይቅም። ክንድ ወደ ፊት ተወርውሮ ድንገት ሲገታ ፍጥነቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይተላለፋል፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ ጩኸቱ ያ ነው። ጀማሪ ልጅ ክንዱን ሳይገታ ስለሚጎትት ጫፉ ተመልሶ ጆሮውን ይመታዋል። በአጭር ጅራፍ ይጀምር፣ ኮፍያ ያድርግ፣ በዙሪያው አምስት እርምጃ ያህል ሰው አይኑር። ዓይን አይመለስምና በዚህ ጠንከር በሉ።

ስትመለሱ በእንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። ክብ ነው፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ በደን የተከበበ፣ እጅግ ውብ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ግን ዋና ስለሚችል ዘሎ መግባት ያምረዋል። አትፍቀዱ። ጣና በጣም በጠለቀበት 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳሩም ቀስ እያለ ይጠልቃል። ዘንገና ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ እንደተሄደ ግድግዳው ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃውም ጡንቻ ያሳስራል። ዙሪያውን መሄድና መቀመጥ ይበቃል።

ቅድም የተውኩት የወተት ዓባይ ድልድይ ጉዳይ ይህ ነው። ከቤት ስትወጡ አራት አንድ ዓይነት፣ ጥርት ያሉ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙሶች ያዙ። አንዱ ከግሽ በታች፣ ከጸበሉ አጥር ውጭ ካለው ጅረት ይሞላ። ሁለተኛው አስተናጋጆቻችሁ ማሳ ጥግ፣ ዝናብ እንዳባራ፣ ከቦይ። ሦስተኛው ከወተት ዓባይ ድልድይ አጠገብ፤ ይህን ልጅ ሳይሆን አዋቂ ይቅዳ፣ ዳሩ ያንሸራትታል። አራተኛው ባህር ዳር ደርሳችሁ ከጣና። ሁሉም እኩል ይሞሉ፣ ቦታውና ቀኑ በፕላስተር ይጻፍባቸው፣ መስኮት ላይ ሳይነቃነቁ ሁለት ቀን ይቀመጡ። ከዚያ ልጁ ማስመሪያ አቁሞ የረጋውን ደለል በሚሊ ሜትር ያንብብ። የማሳው ጥግ ጠርሙስ ከሁሉ ወፍራም ይሆናል፤ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ተደጋግሞ ታርሶ ራቁቱን የሚቆየው ልክ ኃይለኛው ዝናብ በሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ጠርሙሶቹን አትጣሉ። በመስከረም፣ ሰብሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ፣ በዚያ መንገድ የሚመጣ ሰው ካለ ከዚያው ድልድይ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ እንዲያመጣላችሁ አስቸግሩት፣ ከሐምሌው ጎን አቁሙት፣ ልጁም እንደገና በማስመሪያው ይለካው።